ያልተደፈነው ቦይ፦ ፎስፌት፣ የካንሰር ሕዋሳትና የአጣጥ ቁጥቋጦ

ከቡሬ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሽንዲ የሚጓዝ ሰው በግራና በቀኝ የበቆሎና የበርበሬ ማሳ ይቀበለዋል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር መስኖ በሚደርስባቸው ቦታዎች ገበሬው ውኃውን ከዋናው ቦይ ወደ ማሳው የሚያስገባበት ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። ቦዩን የደፈነውን አንድ አካፋ አፈር ያነሣና ውኃውን ይለቅቃል፤ ማሳው ሲጠጣ ያንኑ አንድ አካፋ አፈር መልሶ ይደፍናል። ሥራው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቦዩ ሳይደፈን ያደረ እንደሆነ ጠዋት ላይ የዚያ ገበሬ ማሳ ረግረግ ሆኖ፣ የጎረቤቱም አፈር ተሸርሽሮ ይገኛል። ጥፋቱ የውኃው አይደለም፤ ውኃማ ሕይወት ነው። ጥፋቱ የመክፈቻና የመዝጊያው ሥርዓት መበላሸት ነው።

በእያንዳንዳችን ሰውነት ሕዋሳት ውስጥም የሚከፈቱና የሚዘጉ ሺህ ቦዮች አሉ ብንል ማጋነን አይሆንም። እነዚህን ቦዮች የሚከፍተውና የሚዘጋው «አካፋ አፈር» ፎስፌት የተባለ ትንሽ የአቶሞች ስብስብ ነው። ሕዋስ መቼ እንደሚያድግ፣ መቼ ለሁለት እንደሚከፈል፣ መቼ ባለበት እንደሚቆይና መቼ እንደሚንቀሳቀስ የሚወስነው በአብዛኛው ይኸው ፎስፌት ነው። ይህ ሥርዓት ሲበላሽ ከሚከተሉት በሽታዎች ዋነኛው ካንሰር ነው። በዚህ ጽሑፋችን ፎስፌት በፕሮቲኖች ላይ ምን እንደሚሠራ፣ የካንሰር ሕዋሳት ይህን መሣሪያ እንዴት ለራሳቸው ጥቅም እንደሚያውሉት፣ እንዲሁም ይህ ዕውቀት ከአገራችን ሆስፒታልና ከአገራችን ቁጥቋጦ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እንመለከታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ፎስፎሪሌሽን ምንድን ነው?

ፕሮቲኖች አሚኖ አሲድ ከተባሉ ጥቃቅን ክፍሎች እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው የተሠሩ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው። ሰንሰለቱ ተጠቅልሎና ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል፤ የፕሮቲኑም ተግባር በዚሁ ቅርጹ ይወሰናል። የቁልፍ ጥርስ ቢጣመም በሩ እንደማይከፈት ሁሉ የፕሮቲንም ቅርጽ ቢለወጥ ሥራው ይለወጣል።

ፎስፌት ቅርጽን ከሚለውጡ ነገሮች አንዱ ነው። ኤቲፒ የተባለው የሕዋስ የኃይል ምንዛሪ ሦስት ፎስፌቶችን ተሸክሞ ይዞራል። ካይኔዝ በሚል ስያሜ የሚታወቁት ኤንዛይሞች ከሦስቱ የመጨረሻውን ፎስፌት ነጥቀው በአንድ ፕሮቲን ላይ ይለጥፉታል። የሚለጠፈውም በአብዛኛው ሴሪን፣ ትሪዮኒንና ታይሮሲን በተባሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች ላይ ነው። ፎስፌት ኃይለኛ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው በአካባቢው ያሉትን አዎንታዊ ክፍሎች ይስባል፣ አሉታዊዎቹን ይገፋል። በዚህም ምክንያት ፕሮቲኑ ይታጠፋል ወይም ይዘረጋል፤ ተኝቶ የነበረው ይነቃል፣ ነቅቶ የነበረውም ሊተኛ ይችላል። ይህ ፎስፌትን የመለጠፍ ሂደት ፎስፎሪሌሽን ይባላል። የተለጠፈውን ፎስፌት የሚያነሡት ኤንዛይሞች ደግሞ ፎስፋቴዝ ይባላሉ። እንግዲህ ካይኔዝና ፎስፋቴዝ አንዱ የሚከፍት፣ ሌላው የሚደፍን የአንድ ማሳ ሁለት ገበሬዎች ናቸው ማለት ነው።

ይህን ሥርዓት መጀመሪያ የደረሱበት ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ የተባሉ የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ በ1955 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሆነው በጡንቻ ውስጥ የተከማቸውን ስኳር የሚፈታ ኤንዛይም ሲመረምሩ ነበር። ኤንዛይሙ ፎስፌት ሲለጠፍበት እንደሚነቃ፣ ሲነሣለት እንደሚያንቀላፋ አሳዩ። በዚያን ጊዜ ይህ የጡንቻ ጉዳይ ብቻ ይመስል ነበር። ሥራቸው የሕዋሳት ሁሉ ጉዳይ መሆኑ እየተገለጠ ሄዶ በ1992 የኖቤል ሽልማትን አስገኘላቸው። በሰው ልጅ ዘረ-መል ውስጥ ከ500 በላይ የካይኔዝ ዓይነቶች መኖራቸው በ2002 በታተመ ቆጠራ ታውቋል።

ከዶሮ ዕጢ የተገኘ ትምህርት

ለመሆኑ ፎስፌትን ከካንሰር ጋር ያገናኘው ማን ነው? መልሱ የሚጀምረው ከአንዲት ዶሮ ነው። በ1909 አንድ የአሜሪካ ገበሬ ደረቷ ላይ ዕጢ ያበቀለች ዶሮውን ይዞ በኒው ዮርክ ከተማ ወደሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ሄደ። በዚያ የነበረው ወጣት ተመራማሪ ፔይተን ራውስ ዕጢውን ፈጭቶ፣ ሕዋሳትና ባክቴሪያዎች በማያልፉበት እጅግ ጥቃቅን ማጥለያ አጥልሎ ፈሳሹን ለጤነኛ ዶሮዎች ወጋቸው። እነርሱም ዕጢ አበቀሉ። ከባክቴሪያ ያነሰ አንድ ነገር፣ ማለትም ቫይረስ፣ ካንሰርን ማስከተል እንደሚችል የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ግኝቱ ለብዙ ዘመን ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ቆይቶ ራውስ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በ1966፣ ከሃምሳ ዓመታት በላይ ከጠበቀ በኋላ ነበር።

ቫይረሱ ካንሰርን የሚያስከትለው ሳርክ በተባለ አንድ ዘረ-መል አማካይነት እንደሆነ ከጊዜ በኋላ ተደረሰበት። በ1976 ማይክል ቢሾፕ፣ ሃሮልድ ቫርመስና የሥራ ባልደረቦቻቸው ደግሞ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነገር ይፋ አደረጉ። ሳርክ የቫይረሱ የራሱ ሀብት አልነበረም፤ ቫይረሱ ከዶሮዋ የሰረቀው ነው። ጤነኛ ዶሮ ሁሉ ሳርክ አላት፤ እኛም አለን። ከዚህ ግኝት በኋላ የካንሰር ምንጭ ከውጭ የሚመጣ ባዕድ ነገር ብቻ ሳይሆን የገዛ ዘረ-መላችን መበላሸት ሊሆን እንደሚችል መታመን ጀመረ። ሁለቱም ሳይንቲስቶች በ1989 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በ1978 ሳርክ ካይኔዝ መሆኑ ታወቀ። በቀጣዩ ዓመት በካሊፎርኒያ የሳልክ ተቋም ቶኒ ሃንተር የተባለ ተመራማሪ ፎስፌቱ የሚለጠፈው በየትኛው አሚኖ አሲድ ላይ እንደሆነ ይፈትሽ ነበር። ያን ጊዜ የሚታወቁት ሴሪንና ትሪዮኒን ብቻ ነበሩ። ሃንተር ለሙከራው አዲስ ፈሳሽ መቀመም ሲገባው ብዙ ጊዜ የተሠራበትን አሮጌ ፈሳሽ ተጠቀመ። የፈሳሹ የአሲድነት መጠን ጥቂት በመለወጡ ተደራርበው ይታዩ የነበሩ ሁለት ነጠብጣቦች ተለያዩ፤ አንደኛው ማንም ያልጠበቀው ታይሮሲን ሆኖ ተገኘ። በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ በታይሮሲን ላይ የሚለጠፈው ፎስፌት ከጠቅላላው እጅግ ጥቂቱ ነው። ይሁን እንጂ የዕድገትና የእንቅስቃሴ ትእዛዞች ዋነኛ መተላለፊያ ይኸው ጥቂቱ መሆኑ ኋላ ላይ ተረጋገጠ።

የዶሮዋ ጤነኛ ሳርክና የቫይረሱ ሳርክ ልዩነትም ትምህርት ሰጪ ነው። ጤነኛው ሳርክ በጅራቱ ላይ አንድ ታይሮሲን አለው። በዚያ ላይ ፎስፌት ሲለጠፍበት ጅራቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ካይኔዙን እንደ መቀርቀሪያ ይቆልፈዋል። የቫይረሱ ሳርክ ግን ይህ የጅራት ክፍል ተቆርጦለታል። መቀርቀሪያ የሌለው በር ሌሊትና ቀን ክፍት ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ፎስፌት ሁልጊዜ ቀስቃሽ አይደለም፤ ቦታው ሲለወጥ ገቺም ይሆናል።

ጥሪ ከጉብታ ወደ ጉብታ

በጎጃም ገጠር ስልክ ከመግባቱ በፊት አስቸኳይ ወሬ የሚተላለፈው በጥሪ ነበር። በአንዱ ጉብታ ላይ የቆመ ሰው ይጣራል፤ በሚቀጥለው ጉብታ ያለው ሰምቶ ለሌላው ያስተላልፋል፤ መልእክቱም ወንዝ ተሻግሮ ሩቅ መንደር ይደርሳል። የሕዋስም ዜና አወራረድ እንዲሁ ነው።

ቁስል ሲደርስብን፣ ለምሳሌ፣ የዕድገት አነሣሽ ፕሮቲኖች ከሕዋሱ ውጭ ይመጡና በሽፋኑ ላይ በተተከሉ ተቀባዮች ላይ ያርፋሉ። ብዙዎቹ ተቀባዮች ራሳቸው ካይኔዞች ናቸው። መልእክቱ ሲደርሳቸው ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጣመሩና አንዱ በሌላው ጅራት ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ይህ የመጀመሪያው ጉብታ ነው። ከዚያ ራስ የተባለ ፕሮቲን ይነቃል፤ እርሱ ራፍን፣ ራፍ ሜክን፣ ሜክ ደግሞ ኤርክን ያስነሣል። ራፍ፣ ሜክና ኤርክ ሦስቱም ካይኔዞች ሲሆኑ እያንዳንዱ በሚቀጥለው ላይ ፎስፌት በመለጠፍ ጥሪውን ያሳልፋል። በመጨረሻም ኤርክ ወደ ሕዋሱ ማዕከል ገብቶ የክፍፍል ዘረ-መሎችን የሚያስነሡ ፕሮቲኖችን ያነቃቃል።

በማዕከሉ በር ላይ ግን ጠባቂ አለ። አርቢ የተባለው ይህ ፕሮቲን ክፍፍልን የሚያስጀምሩትን ሠራተኞች ጨብጦ ይይዛቸዋል። ሲዲኬ የሚባሉ ካይኔዞች በአርቢ ላይ ደጋግመው ፎስፌት ሲለጥፉበት ጭብጡ ይላላል፤ ሠራተኞቹም ይለቀቃሉ፤ ሕዋሱ ዘረ-መሉን አባዝቶ ለሁለት ለመከፈል ጉዞ ይጀምራል። ቁስሉ ሲድን ጥሪው ይቆማል፤ ፎስፋቴዞች ፎስፌቱን ያነሣሉ፤ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

በካንሰር ሕዋስ ውስጥ የሚጠፋው ይህ «ይቆማል» የሚለው ነው። አንዳንድ ጊዜ ራስ የተባለው ፕሮቲን በዘረ-መል ለውጥ ምክንያት ማንም ሳይጠራው መጣራቱን ይቀጥላል። አንዳንድ ጊዜ ጠባቂው አርቢ ይጠፋል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የተቀባዮች ቁጥር ከልክ በላይ ይበዛል። ከጡት ካንሰር ዓይነቶች ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ሄር-2 የተባለው ተቀባይ በሕዋሱ ሽፋን ላይ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ፣ ከውጭ መልእክት ሳይመጣ እርስ በርሱ እየተጣመረ ፎስፌት ይለጥፋል። በየጉብታው አንድ ሳይሆን መቶ ሰው ቆሞ ያለ ምክንያት ቢጣራ መንደሩ እንዴት ሊተኛ ይችላል?

በክረምት ጭቃ እንደሚሄድ ሰው

ካንሰር በተነሣበት ቦታ ተወስኖ ቢቀር ኖሮ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ቆርጦ ሊያወጣው በቻለ ነበር። አብዛኞቹን የካንሰር ሕሙማን ለሞት የሚያበቃው ግን ሥርጭቱ ነው። ሕዋሳት ከመነሻቸው ተነቅለው በደምና በሊምፍ መንገዶች እየተጓዙ በጉበት፣ በሳንባ፣ በአጥንትና በአንጎል ይሰፍራሉ። ለዚህ ጉዞ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ ከጎረቤት መለየት፣ መራመድና በአዲስ ስፍራ መብቀል።

ጤነኛ የቆዳ ወይም የጡት ቱቦ ሕዋሳት ኢ-ካድሄሪን በተባለ ፕሮቲን እጅ ለእጅ ተያይዘው ይኖራሉ። እንደ ሳርክ ያሉ ካይኔዞች ከልክ በላይ ሲሠሩ በዚህ መያያዣ ላይ ፎስፌት ይለጠፋል፤ መያያዣውም ከሽፋኑ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይገባል። እጅ ለእጅ የተያያዙት ሕዋሳትም ይለያያሉ።

መራመዱን ለመረዳት በሐምሌ ወር ከሽንዲ ገበያ የሚመለስን ገበሬ እናስብ። በጭቃ የሚሄድ ሰው ሁለት ችሎታዎችን አጣምሮ መያዝ አለበት። የፊት እግሩ እንዳያንሸራትተው መጨበጥ፣ የኋላ እግሩም ከጭቃው መላቀቅ ይኖርበታል። መጨበጥ ብቻ የሚችል ተተክሎ ይቀራል፤ መላቀቅ ብቻ የሚችል ይወድቃል። ሕዋስም እንዲሁ ነው። ከሥሩ ያለውን ምንጣፍ የሚጨብጥባቸው ነጥቦች አሉት። በእነዚህ ነጥቦች ላይ ፋክ የተባለ ካይኔዝ ይገኛል። ሕዋሱ ምንጣፉን ሲጨብጥ ፋክ በ397ኛው ቦታ ባለው ታይሮሲኑ ላይ ራሱ ፎስፌት ይለጥፋል። ያ ፎስፌት ለሳርክ መቀመጫ ይሆናል። ፋክና ሳርክ አብረው ፓክሲሊንን በመሳሰሉ ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት ይለጥፋሉ፤ በዚህም የፊቱ መጨበጫ እንዲሠራ፣ የኋላው እንዲፈርስ ይደረጋል። መለጠፍና ማንሣት በየተራ ሲፈራረቁ ሕዋሱ ይራመዳል። እንግዲህ እንቅስቃሴ የፎስፌት ብዛት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፎስፌት ምት ጉዳይ ነው። ሳርክ ይህን ብቻ አድርጎ አያበቃም፤ የካንሰር ሕዋሳት በሥራቸው ያለውን ምንጣፍ የሚበሱባቸውን ትናንሽ እግሮች ያበጃል፤ ከእነዚህም እግሮች ምንጣፉን የሚፈጩ ኤንዛይሞች ይለቀቃሉ።

ስለ መብቀሉ የተሻለ ምሳሌ የተናገረው እንግሊዛዊው የቀዶ ሐኪም ስቲፈን ፓጄት ነው። በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዛግብት መርምሮ፣ ካንሰሩ በየቦታው በዕድል እንደማይበተን፣ የተወሰኑ የሰውነት ክፍሎችን እንደሚመርጥ አስተዋለ። የካንሰር ሕዋስን በዘር፣ የሚያርፍበትን የሰውነት ክፍል በአፈር መሰለው። ገበሬ ዘርን በሁሉ አቅጣጫ ቢበትንም የሚበቅለው በሚስማማው አፈር ላይ ነው። የፓጄት ዘር በአዲስ አፈር ላይ ሥር ለመስደድ ከአዲሱ ስፍራ የሚሰማው መልእክት ያስፈልገዋል፤ ከመልእክቶቹም ብዙዎቹ የሚተላለፉት በዚያው በፎስፌት ቋንቋ ነው።

ቦዩን የደፈነ መድኃኒት

ይህ ሁሉ ዕውቀት ለሕሙማን ምን ፈየደ? ከሁሉ የጎላው ምሳሌ የደም ካንሰር ዓይነት ከሆነው ሥር-ሰደድ ማይሎይድ ሉኬሚያ ይገኛል። በ1960 በፊላደልፊያ ከተማ ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በእነዚህ ሕሙማን ደም ውስጥ ከልክ ያለፈ አጭር ክሮሞሶም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ ምክንያቱን አብራራች፤ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶሞች ተቆርጠው ክፍሎቻቸውን ተለዋውጠዋል። በመቆራረጫው ላይ ሁለት ዘረ-መሎች ተጋጥመው ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ እንግዳ ካይኔዝ ይፈጥራሉ። ይህ ካይኔዝ ፎስፌት መለጠፉን የሚያቆምበት ጊዜ የለውም። ነጭ የደም ሕዋሳትም ያለ ገደብ ይራባሉ።

ሐኪሙ ብራያን ድሩከርና የመድኃኒት ኬሚስቶች ኤቲፒ በሚገባበት የካይኔዙ ጎድጓዳ ስፍራ ላይ የሚሰካ ትንሽ ሞለኪውል ሠሩ። ኤቲፒ መግቢያ ካጣ ፎስፌት አይኖርም፤ ፎስፌት ከሌለ ጥሪ የለም። ኢማቲኒብ የተባለው ይህ መድኃኒት፣ በንግድ ስሙ ግሊቬክ፣ በሕሙማን ላይ መሞከር የጀመረው በ1998 ሲሆን በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2006 በወጣ ሪፖርት መድኃኒቱን ከጀመሩት ሕሙማን 89 በመቶ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። በአፍ የሚዋጥ ክኒን የሉኬሚያን ታሪክ ለወጠ።

ይህ ታሪክ አገራችንን ሳይነካ አላለፈም። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ አምራቹ ኩባንያና ማክስ ፋውንዴሽን በጋራ ባካሄዱት ዓለም አቀፍ የእርዳታ መርሐ ግብር አማካይነት የዚህ በሽታ ሕሙማን መድኃኒቱን በነጻ ሲያገኙ ቆይተዋል። በ2021 ደግሞ የጥቁር አንበሳ የደም ሕክምና ባለሙያዎች ከውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋር ሆነው መድኃኒቱ በማይበግረው በሽታ በተያዙ ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ የታዩትን የቢሲአር-ኤቢኤል ለውጦች የሚመለከት ጥናት አሳትመዋል። ካንሰር መድኃኒቱን የሚያመልጥበት መንገድ ራሱ ጥበብ የተሞላ ነውና ይህ ጥናት ትልቅ ፋይዳ አለው። ለምሳሌ በካይኔዙ 315ኛ ቦታ ያለው ትሪዮኒን በአይሶሉሲን ሲተካ ኢማቲኒብ ከጎድጓዳው ስፍራ መግባት ይሳነዋል። አንዲት አሚኖ አሲድ በመለወጧ ብቻ በሩ ቁልፉን አልቀበልም ይላል። ለዚህ ለውጥ የተሠራው ፖናቲኒብ በ2012 በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ይሁንና ለገጠር ሕሙማን ትልቁ እንቅፋት አሚኖ አሲድ አይደለም፤ መዘግየት ነው። የዚህ ሉኬሚያ ምልክቶች ድካም፣ ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ፣ እንዲሁም በግራ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር ያለው የጣፊያ ማበጥ ናቸው። ወባ በሚገኝባቸው ቆላማ አካባቢዎች ጣፊያ ሲያብጥ ቶሎ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ትክክል ነው። ነገር ግን የወባ መድኃኒት ተወስዶ የማይመለስ የጣፊያ እብጠት የደም ሕዋሳት ቆጠራ ምርመራ ይገባዋል። ይህ ቆጠራ ቀላል ከሆኑት የላቦራቶሪ ምርመራዎች አንዱ ነው። በቆጠራው የነጭ ደም ሕዋሳት ቁጥር እጅግ ከፍ ብሎ ከታየ በሽተኛው ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ሊላክ ይገባል። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር የሽንዲ ሰው በቡሬና በፍኖተ ሰላም አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ መድረስ ግድ ይለው ነበር። ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ክፍሎች መኖራቸው የመንገዱን ርዝመት አሳጥሯል፤ የመዘግየትን ችግር ግን ገና አላጠፋውም።

አጣጥ፦ ከአጥር ዳር እስከ መድኃኒት ቤት

አሁን ወደ ሽንዲ መንገድ እንመለስ። በጎጃም ገጠር ያደገ ተማሪ አጣጥን ያውቃል። እሾሃማ፣ ወፍራም ቅጠል ያለው፣ በወንዝ ዳርና በአጥር ላይ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። አጣጥ የአንድ ተክል ስም ብቻ ሳይሆን በሳይንስ ሜይቴነስ በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉ የተለያዩ ዝርያዎች የጋራ መጠሪያ ነው። በ1960ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ፀረ ካንሰር ቅመሞችን ለማግኘት ከዓለም ዙሪያ ተክሎችን ሲያስሰበስብ ከኢትዮጵያ የተወሰደ አንድ የሜይቴነስ ዝርያ ተመረመረ። በ1972 ሞሪስ ካፕቻንና ባልደረቦቹ ከዚህ ተክል ሜይታንሲን የተባለ ቅመም ነጥለው አወጡ።

ሜይታንሲን ሕዋስ ሲከፈል ክሮሞሶሞችን የሚጎትቱትን ጥቃቅን ቱቦዎች መሠራት ይከለክላል። ኃይሉ እጅግ ከፍተኛ ነበር፤ ችግሩም ይኸው ሆነ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በሕሙማን ላይ ሲሞከር የካንሰሩን ሕዋስ ከጤነኛው ሳይለይ ስለሚጎዳ ሙከራው ተቋረጠ። መርዝ ነበር፤ አድራሻ ግን አልነበረውም።

አድራሻውን ያገኘው ፎስፎሪሌሽን ካስተማረን ዕውቀት ነው። ቀደም ሲል ያነሣነው ሄር-2 የተባለው የካይኔዝ ተቀባይ በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ሽፋን ላይ እጅግ ይበዛል ብለናል። ይህን ተቀባይ ለይቶ የሚይዝ ትራስቱዙማብ የተባለ ፀረ-እንግዳ አካል በ1998 በአሜሪካ ተፈቅዶ ነበር። ኋላም የሜይታንሲን ልጅ የሆነ ቅመም ከትራስቱዙማብ ጋር በኬሚካላዊ ማያያዣ ተቆራኘ። ፀረ-እንግዳ አካሉ ሄር-2ን ይፈልጋል፤ ሕዋሱ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ውስጥ ይውጣል፤ መርዙም በዚያ ይለቀቃል። ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን የተባለው ይህ መድኃኒት በየካቲት 2013 በአሜሪካ ተፈቀደ። ለዚህ መድኃኒት የሚውለው ቅመም ዛሬ የሚዘጋጀው ቁጥቋጦ በመጨፍጨፍ ሳይሆን ተቀራራቢ ቅመም ከሚያመርት ባክቴሪያ በመነሣት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ሳንናገር ማለፍ አንችልም። አንደኛው ማስጠንቀቂያ ነው። አጣጥ የካንሰር መድኃኒት ምንጭ ሆነ ማለት የአጣጥን ቅጠል ወይም ሥር ቀቅሎ መጠጣት ካንሰርን ያድናል ማለት አይደለም። ሜይታንሲን አድራሻ በሌለው ጊዜ በሆስፒታል ውስጥ፣ በሐኪም ቁጥጥር ሥር እንኳ ሕሙማንን እንደጎዳ አይተናል። በተክሉ ውስጥ ያለው መጠንም እጅግ ኢምንት ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እናት ወይም እኅት ሥር ስትቀቅል የምታጠፋው ወር፣ በሽታው ከጡት ወደ አጥንት የሚሻገርበት ወር ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ ከ2011 ጀምሮ በሚካሄደው የካንሰር ምዝገባ መሠረት በሴቶች ላይ ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነውና ይህ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው የፍትሕ ጥያቄ ነው። ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን በአሜሪካ ገበያ ሲወጣ የአንድ ወር ዋጋው ወደ 9,800 ዶላር ይጠጋ ነበር። መነሻው የኢትዮጵያ ቁጥቋጦ የሆነ መድኃኒት ለኢትዮጵያዊት በሽተኛ የማይደረስ ሰማይ ሆነ። ተክሉ በተወሰደበት ዘመን አገሮች በብዝኃ ሕይወታቸው ላይ ያላቸውን መብት የሚያስከብር ዓለም አቀፍ ስምምነት አልነበረም፤ ስምምነቱ የመጣው በ1992 ነው። አገራችንም የጀነቲክ ሀብትን ማግኘትና የኅብረተሰብ ዕውቀትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482 ያወጣችው በ2006 ነው። ሕግ ግን ብቻውን አይበቃም። ቁጥቋጦውን የሚያውቅ ገበሬ፣ ቅመሙን የሚነጥል ኬሚስት፣ ካይኔዙን የሚያጠና ባዮሎጂስትና በሽተኛዋን የሚያክም ሐኪም በአንድ አገር ውስጥ መገናኘት አለባቸው።

ለማጠቃለል

ፎስፌት በሕዋስ ውስጥ ትንሽ ነገር ነው፤ አራት ኦክሲጅንና አንድ ፎስፎረስ። ሆኖም በቦታውና በጊዜው ሲለጠፍ ቁስል ይሽራል፣ ሕፃን ያድጋል፤ ሳይነሣ ሲቀር ዕጢ ይበቅላል፣ ሕዋሳት ይሰደዳሉ። ይህን መረዳት በመቻሉ እስከ አሁን በአሜሪካ ብቻ ካይኔዞችን የሚገቱ ከ80 በላይ መድኃኒቶች ተፈቅደዋል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት የመጣው ኢማቲኒብ፣ ከትራስቱዙማብ ጋር፣ በ2015 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ሁሉም ሙከራ ግን አልሰመረም። የሕዋስን እርምጃ ለማቆም ሳርክን በመግታት ላይ የተጣለው ተስፋ በጠጣር ዕጢዎች ላይ የተጠበቀውን ያህል ፍሬ አላፈራም። ምክንያቱም ሕዋስ አንድ ቦይ ቢደፈንበት በሌላው የሚፈስስበት መንገድ አያጣም። ያልተጠናው ከተጠናው ይበልጣልና ለመጪው ትውልድ የሚሆን ሥራ አለ።

ምናልባት ይህን ጽሑፍ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በሽንዲ ትምህርት ቤት የሚያነብ ተማሪ ይኖር ይሆናል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በአጥሩ ዳር የበቀለውን አጣጥ ሲያይ አንድ ጥያቄ እንዲያነሣ እንመኛለን፤ በዙሪያችን ካሉት ቅጠሎች ስንቶቹ ገና ስማቸው በላቦራቶሪ ያልተጠራ ነው? ወደ ቤቱ ሲገባ ደግሞ የጎኗን ወይም የጡቷን እብጠት ደብቃ የምትኖር እናት ወይም አክስት ካለችው፣ «እማዬ፣ ሳይዘገይ እንሂድ» ለማለት ድፍረት እንዲያገኝ እንሻለን። ቦይ የሚደፈነው ማሳው ረግረግ ሳይሆን በፊት ነውና።